የጣፊያው ራስ በየት በኩል ነበር?

ሮዚና ቤክ ከስንዴ ማሳው ማዶ ያለች ጎረቤቴ ናት። በአርባ አንድ ዓመት ጉርብትናችን የማታውቀውን ነገር አውቃለሁ ስትል አልሰማኋትም። ከሽርጧ ኪስ የእርሳስ ቁራጭና ቀይ የሱፍ ክር አይጠፋም። ከወጥ ቤቷ በር ጀርባ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በየዕለቱ ትጽፋለች፤ ዝይዎቹ ወደ ደቡብ ሄዱ፣ የባልዲው ውኃ በረዶ ያዘ፣ ነፋሱ ዞረ። ለምን እንደምትጽፍ ብጠይቃት፣ «ከርሞ አይቼ ልገረም ብዬ ነዋ» አለችኝ።

አገር የሚያውቃት ግን በአሳማ ጣፊያ ነው። አያቶቻችን ከሩሲያ ወደዚህ ወደ ዳኮታ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። በመኸር የመጀመሪያው አሳማ ሲታረድ ጣፊያው ይታያል። እንደ ምላስ ረዘም ያለ ነገር ነው። በአሳማው ራስ በኩል የነበረው ጫፍ የበረዶው ወራት መጀመሪያ፣ በጭራው በኩል የነበረው ደግሞ መጨረሻ ነው። ወፈር ባለበት በኩል በረዶው ይከብዳል። የሚስቁባትም ሰዎች ቢሆኑ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «ሮዚና ምን አለች?» ማለታቸው አይቀርም።

በዚያ ዓመት ከሁሉ ይልቅ የጨነቀው የወንድሟ ልጅ ዱዌን ነበር። አርባ ላሞቹ ከነጥጆቻቸው የአንድ ቀን መንገድ ርቀው፣ ወንዙ ዳር በግጦሽ ላይ ናቸው። በጋው ደረቅ ስለነበር ድርቆሹ አንሷል፤ አሁን ቢያመጣቸው እስከ ጸደይ አይደርስለትም። በረዶ ሜዳ ላይ ቢይዛቸው ደግሞ ጥጆቹ ያልቃሉ። ሬዲዮው መኸሩ ሞቃትና ደረቅ እንደሚሆን ሲናገር ሰንብቷል። ዱዌን ሬዲዮውን አምኗል፤ ግን የአክስቱን ቃል ሳይሰማ ሊወስን አልቻለም።

ቅዳሜ ጠዋት አሳማው ታረደ። እኔ ለቋሊማው ሽንኩርት እከትፋለሁ። ሆድ ዕቃውን የሚያወጣው የሮዚና ባል ወንድም ጎትፍሪድ ነበር። ስለ ታመመው ጉልበቱ እያወራ ጣፊያውን አወጣ፣ አጠበ፣ ሳህን ላይ ጣለው። ሮዚና መነጽሯን አድርጋ መጣች። አንደኛው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ወፍሯል።

«ራሱ በየት በኩል ነበር?» አለች።

«የማን ራስ?»

«የአሳማው ነዋ!»

«የአሳማውማ ያውልሽ፣ ባልዲው ውስጥ።»

«ጎትፍሪድ፣ አትቀልድ። ይሄ ጫፍ ወደ ራስ ነበር ወይስ ወደ ጭራ?»

ሰውዬው የታሰረ ቀኝ እጁን ብድግ አደረገ። ሠላሳ ዓመት በቀኝ እጁ እያወጣ፣ የራሱን በኩል ወደ መስኮቱ አድርጎ ያስቀምጥ ነበር። ዘንድሮ ቀኝ አንጓው ወልቆ ታስሯል፤ በግራው ነው ያወጣው።

ሮዚና አልተቆጣችም። የአንገት ልብሴን ተቀብላ ጠቀለለችና በጣፊያው ፈንታ ከአሳማው ሆድ አስገባችው። «እስቲ ቅድም እንዳደረግከው አውጣው።»

«የጉልበቴንም ወሬ ልድገመው?»

«ድገመው። እጅህ የሚያስታውስ ከወሬው ጋር ይሆናል።»

ሦስት ጊዜ አወጣው። ሁለቱን ጊዜ የራሱ ጫፍ ወደ ግድግዳው፣ አንዱን ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞረ። የአንገት ልብሴ ከዚያ በኋላ ለምንም አልሆነ።

ዱዌን ባርኔጣውን እያሻሸ ገባ። «እህ አክስቴ፣ ምን አሉ?»

ጎትፍሪድ ከኋላው በዓይኑ ጠቀሳት፤ የሆነ ነገር በይና ገላግይን ማለቱ ነው። ሮዚና ጣፊያውን አየች፣ እኔን አየች።

«ወይ በረዶው አሁን ነው፣ ወይ መጋቢት ላይ ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ልጄ።»

ዱዌን፣ «በሕይወቴ ከእርስዎ አላውቅም የሚል ቃል ስለ ጣፊያ ሰምቼ አላውቅም» አለ።

«ዘንድሮ ሰማኸው።»

«በረዶ ይመጣል ቢሉኝ ኖሮ ስቄ እሄድ ነበር። ይሄ ግን አስፈራኝ።» ባርኔጣውን አጠለቀና ወጣ። በማግስቱ ፈረሱን ጭኖ ወደ ወንዙ ወረደ።

ላሞቹ በረት በገቡ በስድስተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። ሁለት ቀን ሙሉ የበረዶ ውሽንፍር ወረደ፤ የአጥሩ ሽቦ ከላይ እስከ ታች ተቀበረ። ሬዲዮውም አልዋሸም፤ ከሁለቱ ቀኖች በቀር መኸሩ ሞቃት ነበር። በረዶው በሳምንቱ ቀለጠና ዱዌን ላሞቹን ከነጥጆቻቸው ወደ ግጦሹ መለሳቸው። አንድ ጥጃ አልጎደለም።

ሰው ሁሉ የጣፊያው ወፍራም ጫፍ የራሱ በኩል ነበር ብሎ ደመደመ። ሮዚና ግን ጣፊያውን በወረቀት ጠቅልላ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣ መጋቢትን ጠበቀች። በመጋቢትም ያንኑ ያህል በረዶ ወረደ። ጠዋት ከነቦት ጫማዋ መጣችና በሬን አንኳኳች።

«አየሽ?» አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። «አሁንም አናውቅም!»

በቀጣዩ መኸር ጎትፍሪድ የአሳማውን ሆድ ከፍቶ ጣፊያውን ሊያወጣ ሲል እጁን ያዘችው። ከኪሷ ቀይ ክሯን አወጣች፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ከአሳማው ሆድ አስገባች፣ በራሱ በኩል ባለው ጫፍ ላይ ክሩን አጥብቃ አሰረች።

«በል አሁን» አለችው፣ «ስለ ጉልበትህ አውራ።»