በአፌ የገደልኩት ወንድሜ

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። የምጽፈው ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። ስለ እሱ ጀምሬ ስለ ራሴ ካወራሁም ይቅርታ፤ የሁለታችን ነገር አንዱ ከሌላው አይለይም።

ወንድሜ በልጅነቱ የተጣለ ሬዲዮ ለቅሞ የሚያናግር ልጅ ነበር። እናታችን «ይሄ ልጅ ድስቱንም ያስወራዋል» ትል ነበር። ሲያድግ ወታደር ሆነ፤ እዚያም እጁን አይተው የመገናኛ ሬዲዮ ሰጡት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጆሮው የሰው ጩኸት ሲሰማ ኖረ። ጦሩ ሲበተን በአንድ ቦርሳ እኔ ቤት ገባ። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ወንድ ያለበት ቤት ሆነልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ደህና ነበር። በኋላ ግን ሬዲዮ ሳይኖር ሬዲዮ መስማት ጀመረ። ምሳ ላይ እጁን ያነሣና «ዝም በሉ፣ መልእክት እየገባ ነው» ይለናል። ልጄ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ «ጋሼ፣ የሬዲዮህ ባትሪ ድንጋይ እስካሁን አላለቀም?» ትለዋለች፤ እሱም ይስቃል። የሚስቅበት ጊዜ እያጠረ መጣ። በር ላይ ቆሞ ጎረቤት የይለፍ ቃል ካልተናገረ አላስገባም አለ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ መድኃኒቱን አንድ ሳምንት ይውጣል፣ አንድ ወር ይተዋል። ሲብስበት ከቤት ይወጣና ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል።

ልጄ አድጋ የምታገባው ሰው ሲመጣ ወንድሜ ከቤት ከወጣ አሥር ቀን ሆኖት ነበር። የእጮኛዋ እናት ቤታችንን ልታይ መጣች። ጨዋ ሴት ናት፣ ነገር የማታጣምም። ግድግዳው ላይ የወንድሜን ፎቶ አየች፤ የወታደር ልብስ ለብሶ፣ ኮፍያው ትንሽ ዘንበል ብሎ።

«ይሄ መልከ መልካም ማን ነው?» አለችኝ።

«ወንድሜ ነው።»

«የት ነው ያለው?»

ልክ በዚያች ሰዓት በሩን በርግዶ ቢገባስ ብዬ አሰብኩ። «እብድ ከዘራቸው አለ» ብለው ልጄን ቢተዉብኝስ ብዬ አሰብኩ። «ጦርነቱ ላይ ቀረ» አልኳት።

ሴትየዋ እጄን ይዛ አለቀሰች። ልጄ በሩ ሥር ቆማ ሰምታለች፤ ዝም አለች። ዝምታውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሴትየዋ ጥቁር ሪባን ገዝታ መጣች፤ በገዛ እጇ የፎቶው ጠርዝ ላይ አሰረችው። እኔም ቆሜ አየሁ። ወንበሩን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

ወንድሜ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሰ። ገብቶ ቦርሳውን አስቀመጠ፣ ቀና አለ፣ ሪባኑን አየ። ከዚያ ተስተካክሎ ቆሞ ለፎቶው ሰላምታ ሰጠ፤ የወታደር ሰላምታ። ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። «ወዴት ነው?» አላልኩትም። እግሩ ከደጅ ሲወጣ ደረቴ ቀለል አለኝ። እሱን ነው እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት፤ ቀለል አለኝ።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ፎቶው ከልጄ ጋር ወደ አማቷ ቤት ሄደ። እኔ በጽዳት ሥራ ብዙ ቦታ ዞሬ አንድ የጥናት ቢሮ ተቀጠርኩ። ተመራማሪዎቹ ከባድ የአእምሮ ሕመም ይዟቸው መንገድ ላይ የሚያድሩ የቀድሞ ወታደሮችን የሚያጠኑ ናቸው። ቢሮው አራት ክፍል ያለው አሮጌ ቤት ነው። ስም አይጠራም፤ ስሙ የሚጻፍበት ወረቀት ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባና ሰውየው ቁጥር ይሰጠዋል። ወታደሮቹ አግዳሚው ወንበር ላይ ተደርድረው «በጦርነትም ቁጥር፣ በሰላምም ቁጥር» እያሉ ይቀልዳሉ። ጥያቄውን መልሰው ሲጨርሱ ሳሙና፣ ካልሲና የአውቶቡስ ትኬት ይሰጣቸዋል።

አንድ ጠዋት ወለል እየወለወልኩ ቅጽ የምትሞላው ጠያቂዋ ልጅ «አርባ አንድ» ብላ ስትጣራ «አቤት፣ አለሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ሳልል አወቅሁት። ሸብቷል፤ ጥርሱ ጎድሏል። እሱም አየኝ። እኔ መወልወያዬን ይዤ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

ልጅቷ እያነበበች ትጠይቀዋለች። በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ቢጠፋ የት እንዳለ የሚያውቁ የሦስት ሰዎች ስም መንገር አለበት፤ ቅጹ ላይ ሦስት መስመር አለ። ከአውቶቡስ ጣቢያው ዘበኛ በቀር ማንንም አልጠራም።

«የቅርብ ዘመድስ የለዎትም ጋሼ?» አለችው።

እኔን እያየ፣ ሳይቆጣ፣ «እህት ነበረችኝ» አለ። «ሞታለች።»

«ነፍስ ይማር» አለች ልጅቷ። እኔ ባልዲዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሚያድርበትን ፈልጌ አገኘሁ። ከሲሚንቶ መጋዘኑ ጀርባ፣ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ አጠገብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሻሼን ፊቴ ላይ አውርጄ በማዶው መንገድ አልፋለሁ። ካርቶኑን እንደ ወታደር ብርድ ልብስ አራት ማዕዘን አጥፎ ያስቀምጣል። አልፌ እሄዳለሁ። ስድስት ወር ሙሉ እንዲያ አልፌ ሄድኩ።

በስድስተኛው ወር ቢሮው ከተጠኑት ወታደሮች ለተወሰኑት በዕጣ መኖሪያ ክፍል ሰጠ፤ ቁልፍ ያለው፣ አልጋ ያለው፣ ነርስ የሚጎበኘው ክፍል። አርባ አንድ ዕጣው ወጣለት። ግን ዘበኛው ሥራ ቀይሮ ስለሄደ የሚያገኘው ጠፋ። እስከ ዓርብ ካልመጣና ካልፈረመ ክፍሉ ለተከታዩ ይሰጣል ተባለ። ጠያቂዋ ሦስት ቀን ከተማውን ዞራ ረቡዕ ማታ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ «አንድ የሚያውቀው ሰው እንዴት ይጠፋል እማማ?» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ግማሹን ተናገርኩ። «ከሲሚንቶ መጋዘኑ ጀርባ እንዲህ ያለ ሰው ይቀመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኳት። ልጅቷ ዘላ ሄደች። እኔም ተገላገልኩ ብዬ መስኮት ማጽዳት ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ባዶዋን ተመለሰች።

«አገኘሁት፤ ግን እምቢ አለኝ» አለች። «ጥበቃ ላይ ነኝ አለ። የቤት ሰው መጥቶ ካልተካኝ ቦታዬን አልለቅም አለ። እህቱ ደግሞ ሞታለች። የቤት ሰው ከየት አመጣለታለሁ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ በግማሽ እውነትም አይታሽም። ጨርቁን አስቀመጥኩ።

«አልሞተችም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

ልጅቷ መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላት። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ስድስት ወር ሙሉ ሻይ ያቀረብኩላት ሴት ነኝ። ቦርሳዋን ብቻ አነሣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ በጠዋት አብረን ሄድን። ሻሼን ከፊቴ ገለጥኩ። እሱ ካርቶኑ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

«ወንድም ጋሼ» አልኩት።

«ማን ነሽ?»

«እህትህ ነኝ።»

«እህቴ ሞታለች።»

«አልሞትኩም። አንተም አልሞትክም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። መጥቻለሁ፣ ልተካህ።»

ሬዲዮ ጠጋኙ ሥራውን አቁሞ ያየናል። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝና «ዘገየሽ፣ እታለም» አለ። በልጅነቴ ነበር እንደዚያ የሚጠራኝ። ተነሣ፣ ካርቶኑን አጠፈ፣ ለእኔ አስረከበኝ። ቢሮ እስክንደርስ በብብቴ ይዤው ሄድኩ። ቅጹ ላይ ጠያቂዋ «ዝምድና?» ብላ ጠየቀች፤ እሱ ቀድሞኝ «እህት። ከሞት ተነሥታለች፣ ጻፊላት» አለ። ልጅቷ ሳትፈልግ ሳቀች። እኔ አልቻልኩም።

ወደ ክፍሉ ገባ። ነርሷ መድኃኒቱን ትከታተልለታለች፤ አሁንም መልእክት ይገባለታል፣ ግን ቀስ ብሎ። ቤቴ ና ብለው «የሞተ ሰው ሲመጣ ሰው ይደነግጣል» ይላል። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎቶውን።

ፎቶው ያለው ልጄ ዘንድ ነው። ልጄ ለአማቷ ልትነግርልኝ ተነሣች፤ አይ፣ እኔ ነኝ የምናገረው አልኳት። የልጄ አማት አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ በሩን፣ ሪባኑን፣ ወንበሩን መያዜን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ጥያቄዋን ጠየቀችኝ፤

«ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ዓመት ያዘንኩት ለማን ነው?»

እሷ በዳበሳ ተነሥታ ራሷ ያሰረችውን ሪባን ራሷ ፈታችው። ቋጠሮው ደርቆ ስለነበር ጥፍሯን ተጠቀመች።

ፎቶውን በፎጣ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ወሰድኩለት። ጠርዙ ላይ ሪባኑ የነበረበት ቦታ ሳይደበዝዝ ቀርቶ መስመር ሠርቷል። ወንድሜ በአውራ ጣቱ መስመሩን ደጋግሞ አሸው፤ አልለቀቀም።

«ተይው» አለኝ። «ስቀይው።»

ምስማሩን እኔ ያዝኩ፤ እሱ መታ።