የምስጋናው በሶ

ከሯጮች ካምፕ ወጥቼ ወረታ ድረስ የሄድኩት ሩዝ ልገዛ ነው ብዬ ነው። ለአሠልጣኙም ለግምጃ ቤቱም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ያስኬደኝ ግን አንድ ከረጢት በሶ ነው።

ሙሉ እባላለሁ፤ የሯጮች ምግብ አብሳይ ነኝ። አገር በሙሉ በቴሌቪዥን የሚያጨበጭብላቸው ልጆች የሚበሉት ከእኔ እጅ ነው። ሥራዬ ግማሹ ማብሰል፣ ግማሹ መጠርጠር ነው። ማን ድስቱ አጠገብ ቆመ? ይሄ ቅቤ ከየት መጣ? የተከለከለ ነገር በልጁ ሽንት ውስጥ ቢገኝ፣ አውቆ ይውሰደው ሳያውቅ፣ የዓመታት ልፋቱ አፈር በላ ማለት ነው። የእኔን ስም ማንም ጠርቶት አያውቅም፤ ቢጠራ እደነግጣለሁ። ልጆቹ ጠግበው በሰላም ሲተኙ ግን ደስ ብሎኝ አድራለሁ። ይሄን ሥራ በምንም አልለውጠውም።

ከሯጮቹ አንዱ ምስጋናው፣ ወረታ አጠገብ የፎገራ ልጅ ነው። ለእረፍት እናቱ ዘንድ ሲሄድ ጉልበቱን አሞት ያነክስ ነበር፤ ሲመለስ ይዘላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጠርኩ። አንድ ጠዋት ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ በሶ ሲበጠብጥ ያዝኩት። ሌላ ጊዜ ቆሎውን ሳይቀር ለጓደኞቹ የሚያካፍል ልጅ፣ ዛሬ ተደብቆ! ነጥቄ ቀመስኩት። ጉሮሮ ላይ ይመርራል። በሶ መች ይመርራል?

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የናቴ በሶ ነው፣ እትዬ። ጸበል ተረጭቶበታል፤ ለሰው እንዳትሰጥ ብላኛለች።»

«ይህን ለሌላ ንገር!» ብዬ ከረጢቱን ቆለፍኩበት። ለማንም ግን አልተነፈስኩም። በቅርቡ ውጭ አገር ሊሮጥ ተመርጧል፤ ወሬው አንዴ ከወጣ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ስሙ አይነጻም። መጀመሪያ የበሶውን ምንጭ በዓይኔ ልይ አልኩ።

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ

መንገዱ ስለሚያሰጋ እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄድኩ። ከዚያ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ታሪፉን ሁለት ጊዜ ነገረኝ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ለምን ጉዳይ ነው?» አለኝ። «ለሩዝ» አልኩት። «ሩዝ ገና አልደረሰም እኮ» አለና ቦርሳዬን አየት አደረገ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አወጣሁ።

መስከረም ነበር። ግራና ቀኙ ውኃ ያቆረ የሩዝ ማሳ ነው፤ አረንጓዴው ዓይን ያጠግባል። ከብቶቹ ደረቅ መሬት ፍለጋ የአስፋልቱ ዳር ላይ ተኝተዋል፤ ሹፌሩ ጡሩንባ ቢነፋ ማን ሰምቶት!

ወረታ ስደርስ የሩዝ መፈልፈያው ጩኸት ተቀበለኝ። ምሳ ያዘዝኩበት ቤት እንጀራው ነጭ ነው፣ ስጠቀልለው ይሰባበራል።

«ሩዝ አለበት አይደል?» አልኳት ባለቤቷን።

«የሩዝ አገር መጥተሽ ሩዝ የለበትም ልበልሽ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ድፍረት ሰጠኝና እዚህ ለሯጮች መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቅኋት። ሳቋ ጠፋ። «አንች ከየት መሥሪያ ቤት ነሽ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሒሳቤን እስክከፍል ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። የእጄን አገኘሁ።

ቁሐር ሚካኤል

ወደ ምስጋናው መንደር የያዝኩት ባጃጅ ጭቃው ሲበረታበት «በቃኝ» አለ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወረድኩ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ቄስ አገኘሁና መስቀል ተሳልሜ ስለ ምስጋናው በሶ ጠየቅኋቸው።

«አዎን፣ እናቱ አምጥታ ጸልየንበታል። የረጨሁበት ጸበል ብቻ ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ይህን ሁሉ መንገድ ያመጣሽ በሶ ነው?» አሉኝ።

«በሶው ይመርራል፣ አባቴ።»

«እንግዲህ እሱን ያዘጋጀችውን ጠይቂ» ብለው ቤቱን በመቋሚያቸው አሳዩኝ። ልጁ ግማሹን አልዋሸም ማለት ነው። የቀረው ግማሽ ግን የበለጠ አስፈራኝ።

የምስጋናው እናት እታገኝ ይባላሉ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው «እሰይ! የልጄ አጉራሽ!» ብለው አንገቴን አቀፉኝ። ወዲያው ምግብ ቀረበ። እኔ ደግሞ ሰው ቤት ወጡን ሳላገላብጥ አልበላም፤ የሥራ በሽታ ነው።

«ብይ እንጂ፣ በሞቴ! ምነው፣ መርዝ ያለበት መሰለሽ?»

ከዚህ በላይ መሸፋፈን አልቻልኩም። «እትዬ እታገኝ፣ በበሶው ውስጥ ምን ጨመሩበት?»

ይደነግጣሉ ስል ሳቁ! እንደ ጎበዝ ሰው ኮራ ብለው ከትራሳቸው ሥር የኪኒን እሽግ አወጡ።

«ይችን ነዋ! ቁርጥማቱ ሲገለኝ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ገብቼ አልለቀቀኝም። ይችን ስውጥ ጊዜ ተነሥቼ ሄድሁ። እሱ ያነክሳል፣ ውሰድ ብለው ‹ኪኒን ተከልክያለሁ› አለኝ። ተዚያ ወቅጨ ተበሶው ደባለቅሁለት! ለሰው እንዳያድልብኝ በጸበሉ አስፈራራሁት። እኔ እናቱ ቁሜ ልጄ ያነክሳል?»

ደላላ ጠርጥሬያለሁ፣ መድኃኒት ቤት ጠርጥሬያለሁ፣ ከሁሉ በላይ ልጁን ጠርጥሬያለሁ። እናት መጠርጠር አልመጣልኝም። የኪኒኑን ስም በስልኬ አንሥቼ ለካምፑ ሐኪም ላክሁና ጓሮ ወጥቼ ደወልኩ።

«በአፍ ሲወሰድ በውድድር ሰሞን ክልክል ነው» አለኝ። «መደበቅ አይቻልም፤ እናሳውቃለን። ከሰውነቱ እስኪወጣ ምስጋናው ለዚህኛው ውድድር አይደርስም።»

ስመለስ እትዬ እታገኝ በሩ ላይ ይጠብቁኛል። «ጉልበቱ ዳነ አይደል?»

ምን ልበላቸው? «ዳነ። ኪኒኑ ግን ጨጓራውን ይልጠዋል፤ ሁለተኛ እንዳያደርጉት» አልኳቸው። «ሚካኤልን! ሁለተኛ አይለምደኝም» ብለው ማሉ። ከዚያ ቁጭ ብዬ የቀረበልኝን ጥርግ አድርጌ በላሁ። አልቅሼ ነው የበላሁት፤ በርበሬው ነው አልኩ።

መልስ

ሩዙን ሳልረሳ ገዝቼ ተመለስኩ። ለምስጋናው ሁሉንም ነገርኩትና ይቅርታ ጠየቅሁት። አልጮኸም።

«እናቴ በሷ ኪኒን መቅረቴን ታውቃለች?»

«አያውቁም። ጉልበቱን አሞት ቀረ ልበላቸው?»

«ኧረ በማርያም! አመመኝ ካልናት ሌላ ወቅጣ ትልካለች። ተበለጠ በያት።»

«አንተ? በማን ተበለጥክ ልበል?»

«በማንም። ብቻ ተበለጠ በያት፣ እትዬ።»

ከዚያ ጉዞ ወዲህ አዲስ ልጅ ካምፕ ሲገባ ጠላት አለህ ወይ ብዬ አልጠይቅም። ቤት ማን በጣም ይወድሃል፣ ምን ይልክልሃል እላለሁ። የሚመጣውን ስንቅ ሁሉ አሁንም እቀምሳለሁ፤ በደግ እጅ የተቋጠረውን ደግሞ ሁለት ጊዜ።

የውድድሩ ቀን ጓደኞቹ ውጭ አገር ሲሮጡ ምስጋናው ጓዳዬ ተቀምጦ ድንች ይልጥልኝ ነበር። ኪኒኑ ከሰውነቱ ሲወጣ ሕመሙ ተመልሶበት ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሯል። ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ እታገኝ ናቸው።

«አንች፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቤ ቴሌቪዥን ባይ ባይ ልጄ የለም!»

«ተበለጠ፣ እትዬ። ሌላ ልጅ በለጠውና ቀረ።»

ከኋላቸው የሰዎች ድምፅ ይሰማኛል።

«ይሁን» አሉ። «ጉልበቱሳ?»

ምስጋናው ቢላዋውን አስቀምጦ አየኝ።

«ደህና ነው» አልኩ። «አያመውም።»

«እልልል! ሚካኤል ይመስገን!» አሉ እትዬ እታገኝ፤ ጎረቤቶቻቸውም አብረዋቸው እልል አሉ።