የሹሙ ጎራዴ መብሻ የሆነ ጊዜ

አባቴን ጎባ ያመጣው አገሩን ሊይዝ የዘመተው ጦር ነው። ለወታደሩ መሬትና ገባር ተሰጠው። ለአባቴ የተሰጠው ጠመንጃ መጠገን፣ ልጓም መሥራትና ያለ ፈቃድ ከከተማው አለመውጣት ነበር። ቀጥቃጭ ነውና ከሰው እኩል አላስቀመጡትም፤ ልሂድ ሲል ደግሞ አልለቀቁትም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም።

አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ የከተማው ሹም ከጊኒር ነጋዴዎች ለግቢው ትልቅ በር ልባስ የሚሆን ላሜራ ገዛ። ዛሬ የማይዝግ ብረት የሚሉት ዓይነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ክረምቱን ሙሉ ደጅ ከርሞ ግን አንዲት የዝገት ነጥብ አልታየበትም። አባቴ የምስማር ቀዳዳ እንዲበሳበት ታዘዘ።

ላሜራው ክፉ ነበር። በፍርሃት ከመቱት ይብሱን ይጠነክራል። አባቴ መጀመሪያ ከማጭድ መብሻ ሠራ፤ ጫፉ ተጨፈለቀ። ከአሮጌ ሞረድ ሠራ፤ አንዱን በስቶ በሁለተኛው ተሰበረ። ያለው ሞረድ ሁሉ እንዲህ አለቀ። ሹሙ “ሆን ብሎ ነው የሚሰብረው” አለና ግቢው ውስጥ ምድጃው አጠገብ በእግር ብረት ከግንድ ጋር አሰረው። ቀዳዳው ሳያልቅ አይፈታም ተባለ።

ምግብ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ወናፉን ስነፋለት የተሰበረውን ሞረድ ወደ ብርሃን አዙሮ አሳየኝ።

“እዪው፣ ውስጡ እንደ ጤፍ ደቃቅ ነው። ብረቱ ደኅና ነው፤ ግን ግትር ነው። ማጭዱ ደግሞ ለሁሉም እሺ ይላል።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“ጎንበስ ብሎ የሚመለስ። እንደ ጎራዴ ያለ።”

“የማን ጎራዴ?”

ሳቀ። “ጎራዴ ያለውማ አሳሪዬ ነው።”

እሱ ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን እሑድ ሹሙ ከቤተ ክርስቲያን በበቅሎ ሲመለስ መንገዱ መሐል ቆምኩ።

“በሕግ አምላክ!”

ያን ጊዜ እንዲህ ከተባለ ሹምም ቢሆን ይቆማል። ቆመ።

“የማን ናት ይቺ?”

“የቀጥቃጩ ልጅ ነኝ። ጌታዬ፣ ሥራውን ያዘዘ ብረቱንም ይስጥ። ሞረድ ይሰበራል፣ ማጭድ ይታጠፋል። ጎራዴዎን ይስጡት፤ አለዚያ ይፍቱት።”

“ጎራዴዬን! ምነው በቅሎዬን አልጠየቅሽም?”

“በቅሎ ላሜራ አይበሳም።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። በቅሎዋን የሚስበው ኦሮሞ ሽማግሌ “ዱጋ ጄቴ፣ እውነቷን ነው” አለ። ሹሙ ሰው ፊት እምቢ ማለት አፈረ።

“እሺ፣ ጫፉ የተሰበረ አሮጌ ጎራዴ አለኝ። ከበሳ እግር ብረቱ ይፈታል። ካልበሳ አንቺም አብረሽው ትታሰሪያለሽ።”

“ይሁን” አልኩ።

አባቴ ሲሰማ አልተቆጣኝም። ከጎራዴው ቆርጦ መብሻ ቀጠቀጠ። የቶጎና ወንዝ ውሃ በረዶ ነው፣ የጋለ ብረት ይሰነጥቃል ብሎ ውሃውን አስሞቀኝ። ከነከረው በኋላ ግትርነቱ እንዲለቅ እንደገና በእሳት ዳር አሞቀው፤ ቀለሙ ከገለባ ቢጫነት አልፎ ጠየም ሲል አወጣው። እኔ መብሻውን ላሜራው ላይ አቁሜ በጉጠት ያዝኩለት።

“እጅሽ አይንቀጥቀጥ” አለና አንዴ ብቻ፣ በሙሉ ኃይሉ መታው።

በሳ። መብሻውን አገላብጦ አየው፤ ጫፉ እንዳለ ነበር።

በሁለት ቀን ሁሉም ቀዳዳ አለቀ። ሹሙ ቃሉን ጠበቀ፣ እግር ብረቱን አስፈታ። ወዲያው ደግሞ “እንዲህ ያለ እጅ ከግቢ ውጭ አያድርም” ብሎ ጎጇችንን አጥሩ ውስጥ አስተከለ። ያለ ዘበኛ መውጣት ቀረ።

በሚቀጥለው እሑድ ዘበኛውን ለምኜ ወጣሁና እዚያው መንገድ ላይ ቆምኩ። “በሕግ አምላክ!” አልኩ። በቅሎዋ ቆመች። ሹሙ ፊት ፊቱን እያየ በእግሩ ጎሰማት፤ ሽማግሌውም አንገቱን ደፍቶ ሳባት።

ያ ሹም እስኪሻር ድረስ አባቴ የበሳው በር ሲመሽ ይዘጋብን ነበር። መብሻውን ሹሙ “ጎራዴዬ ነው” ብሎ ሰው እየላከ አስፈለገው። ደብቄው ነበርና አልሰጠሁም። ዛሬም እኔ ዘንድ ነው።