ለሐዋ የሰጠኋት ተረት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ሐጅ ስሄድም ይዤው ሄጄ ይዤው ተመለስኩ። አሁን ሰባን ልደፍን ነው፣ ጉልበቴም ከድቶኛል። እናንተ የማታውቁኝ ሰዎች፣ እስኪ ስሙኝ። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል መሰለኝ።

የደሴ ልጅ ነኝ፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈር። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ወጣት በተረሸነበት ሰሞን፣ የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብዬ የቀበሌ ጸሐፊ ሆንኩ። ሥራዬ የሌላ ሰው ሙጭርጭር መገልበጥ ነው። አንድ ቀን የሰጡኝ ወረቀት የተረሸኑ ሰዎች ዝርዝር ነበር። ገለበጥኩት። ከመሃላቸው አንዱ ሰይድ የሚባል፣ ደሴ ይማር የነበረ የሐርቡ ልጅ ነው። ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ አሳምሬ ጻፍኩ። "አፍህን ዝጋ" አሉኝ፤ ዘጋሁ።

ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ከድርቁ በኋላ፣ ኮምቦልቻ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ አድርገው መደቡኝ። ተማሪዎቼ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከፈረቃ ወጥተው እያዛጉ ይመጣሉ። መጽሐፉ ደግሞ ደረቅ ነው፣ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። አንድ ዘዴ አመጣሁ። በተረት ሁሉ ጀግናው ከቤቱ ይወጣል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ዘንዶ ይገጥመዋል፣ የጠፋውን ይዞ ይመለሳል አይደል? በሉ እናንተም ኑሯችሁን እንደዚያ ንገሩኝ፤ ዘንዷችሁ ማነው? ምን ፍለጋ ወጣችሁ? አልኳቸው። አንድ ሽማግሌ "የኔ ዘንዶ ምስጥ ነው፣ ቤቴን በላው" አሉ። አንዷ ደግሞ "እኔ'ኮ ያገባሁት ዘንዶውን ነው!" ብላ ሁሉንም በሳቅ ገደለቻቸው። በሳቅ ብቻ አልቀረም። ያቺው ሴት በወሩ ፍቺ ጠየቀች፤ ሽማግሌውም ቤታቸውን አፍርሰው በድንጋይ ሠሩ። ሰው ኑሮውን እንደ ተረት አድርጎ ሲያየው መሄጃው ይታየዋል። በዓይኔ ስላየሁት አልክደውም። እኔም ወላሂ ኮራሁ፤ በተረት ውስጥ ለጀግናው መንገድ የሚያሳየውን ሽማግሌ የሆንኩ መሰለኝ፣ ገና በሠላሳ ዓመቴ!

ሐዋ ፋብሪካው ውስጥ የተበጠሰ ክር የምትቀጥል፣ ከሐርቡ የምትመላለስ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ተራዋ ሲደርስ "ጋሼ፣ እኔ ዘንዶም የለኝ፣ መንገድም የለኝ፤ እንዲሁ ነው የምኖር" አለች።

"የጠፋብሽ ነገርስ የለም?" አልኳት።

"ወንድሜ ሰይድ ጠፍቷል" አለች። መዝገቤን ገለጥኩና የአባቷን ስም አየሁት። የአያቷንም።

አወቅሁ። እዚያው አወቅሁ። ከክፍል ስትወጣ ጠርቼ በጆሮዋ ብነግራትስ? ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቻለሁ፣ ጊዜው ያስፈራ ነበር። ግን የፈራ ሰው ዝም ይላል፤ እኔ ዝም አላልኩም። "እንግዲያው መንገድሽ እሱ ነው። ታግሰሽ ፈልጊው፣ ኢንሻአላህ ይዘሽው ትመለሻለሽ" አልኳት። ለምን እንዲህ አልኩ? ፊቷ ሲበራ ማየት አማረኝ። ተረቴ እንዳይበላሽብኝ ብዬ አላህን ጠርቼ ዋሸሁ።

ሥራዋን ለቀቀች። ደሴ እስር ቤት፣ ወልድያ፣ አዲስ አበባ፣ አሰብ ድረስ ዞረች። ያቺ አንገቷን የደፋች ልጅ ዘበኛ ፊት ቆማ የምትከራከር ሆነች። እየመጣች ያየችውን ታወራኛለች፣ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ፤ አይገርምም? አንድ ጊዜ "አሰብ ላይ የሚመስለውን አየን አሉኝ" ብላ መጣች። "አልሐምዱሊላህ" አልኳት።

ዘመዶቿ ግን "ስምንት ዓመት ጠበቅን፤ ልጁ ሞቷል። በሌለበት ሶላት ይሰገድለት፣ ሰደቃ ይውጣለት፣ እናቱም አልቅሳ ይውጣላት" ብለው ቆርጠው ነበር። እንቢ ያለችው ሐዋ ናት። "አስተማሪዬ ይመለሳል ብሎኛል፤ በሕይወት ላለ ሰው እንዴት የሙት ሰደቃ ይወጣል?" አለች። የተማረ ሰው ቃል ነውና ሰሟት። እናትየው የልጃቸውን ጋቢ እያጠቡ እያሰጡ ሦስት ዓመት ኖሩ። ለልጃቸው ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ አንድ ሰው እንኳ "አላህ ሶብሩን ይስጥዎት" ሳይላቸው ሞቱ።

ቀብር ሄጃለሁ። ሐዋ ከለቀስተኛው መሃል ተነስታ መጥታ "ጋሼ፣ ልተወው እንዴ? ደከመኝ" አለችኝ። ያኔ እንኳ! ያኔ እንኳ መናገር ነበረብኝ። "በርቺ፣ ደርሰሻል" አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። መንግሥትን ፈርቼም አልነበረም፤ የእናቷን እንባ ማን እንዳስቀረው ብታውቅ ፊቴን ዳግመኛ እንደማታይ ስለገባኝ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላስ ማን ከለከለኝ? ማንም። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አረጀሁ። ሐዋም አላገባች፣ አልወለደች፤ ሐርቡ ናት። አሁንም ከሩቅ የመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ትጠይቃለች አሉ። ስሜ ሲነሳም "መንገድ የሰጠኝ እሱ ነው" እያለች ትመርቀኛለች።

እህቴ ሐዋ፣ ሰይድ ሞቷል። ዝርዝሩ እንደሚለው ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው የገደሉት፤ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺ እሱን ብለሽ ከቤት ስትወጪ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ሰደቃውን አውጪለት። አልቅሺለት። አፉ በይኝ ብዬ አልለምንሽም፤ አላህ ፊትም ስንቆም ይህን እንዳትተዪልኝ። ብቻ ከእንግዲህ አትፈልጊው።