ሹራብ የምታደርቀው መኪናችን

የፈላ የራዲያተር ውሃ የራሱ ሽታ አለው። ዝገት፣ የጋለ ጎማና ትንሽ እንደተቃጠለ ስኳር ያለ ነገር ተቀላቅሎበት አፍንጫ ውስጥ ይቀመጣል። በቀደም ዕለት ዲላ ውስጥ በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ዳገቱ መሀል ላይ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እንፋሎቱን እየለቀቀ ቆሞ አገኘሁትና ያ ሽታ መጣብኝ። የባጃጁ ሾፌር አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ፈጠን ብሎ አለፈ። እኔ ግን ወደ ኋላ ዞሬ እያየሁ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አባዬ ከሥራ ሲመለስ በሸሚዙ ይዞት የሚገባውን ያንኑ ሽታ እያሸተትኩ ሄድኩ።

አባዬ ቀድሞ የሰው ከባድ መኪና ይዞ በሞያሌ መስመር የሚሠራ ሾፌር ነበር። በሦስት ሳምንት አንዴ ይመጣና ሁለት ቀን አርፎ፣ በሦስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ይሄድ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ዳዊት አፉን በፈታበት ሰሞን አባዬን ከበር ሲገባ አይቶ «እማዬ፣ ሰውዬ መጣ» አለ። እማዬ ሳቀች፣ አባዬም አብሯት ሳቀ፤ ዓመት ሳይሞላ ግን ያንን ሥራ ትቶ፣ ያለውን ሁሉ አሟጥጦ አንዲት ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፕ ገዛ። በዕድሜ እኔን የምትበልጥ፣ ነጭ ቀለሟ ወደ ቢጫ የዞረ፣ የቀኝ በሯ ከውጭ ካልሆነ የማይከፈት ነበረች። በቤታችን ስለ እሷ የሚታወቀው ሕግ አጭር ነበር፤ እሷ እስከሠራች ድረስ አባዬ ቤቱ ያድራል፣ እሷ ከቆመች ወደ ሞያሌ መስመር ይመለሳል። ይህን ማንም አስቀምጦ አልነገረንም፤ እኔ ግን አውቀው ነበር፣ ዳዊትም በልጅ አቅሙ ሳያውቀው አልቀረም።

ክረምት ክረምት የአባዬ ሥራ ወደ ቡሌ ነበር። ከደጋው ቆጮ፣ ገብስና ቀርከሃ ጭኖ ወደ ዲላ ገበያ ያወርዳል። ትምህርት ስለሚዘጋ አንዳንዴ ይዞኝ ይሄድና፣ ቡሌ ስንደርስ ብርዱ ጉልበቴን ሲይዘኝ ካፖርቱን አልብሶኝ፣ እሱ በስስ ሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ ያስጭን ነበር። ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ነሐሴ ላይ ከቡሌ ስንወርድ ከሞተሩ ፊት አንድ ነገር ቋ ብሎ ተሰበረ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን ነው። ሞተሩ በሚያሽከረክረው የጎማ ቀበቶ፣ በቺንጋ፣ የሚዞር የጥንት ፋን ነበር፤ ሲሰበር አንዱ ክንፉ ቺንጋውንም በጥሶት ሄደ፣ እኛም በሌላ መኪና ተጎትተን ዲላ ገባን።

መካኒኩ ጋሽ ሸምሱ፣ አባዬ በሾፌርነት ዘመኑ የተዋወቃቸው፣ እጃቸው የማይቦዝን አፋቸውም የማያርፍ ሰው ነበሩ። እንደዚያ ያለ ፋን ዲላ ውስጥ እንደማይገኝ አስረድተው፣ ከአንዲት ከተገለበጠች ትንሽ መኪና የተነቀለ የኤሌክትሪክ ፋን አመጡና በቦታው አሰሩት። ሽቦውንም ዳይሬክት አደረጉት፤ ቁልፉ ከዞረ ፋኑ ይዞራል፣ ቁልፉ ከተዘጋ ይቆማል፣ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ዝናብ እየጣለ ስለነበር ጆሯቸውን አስጠግተው ድምፁን ብቻ ሰሙና «ይኸው፣ ሄሊኮፕተር አደረግኩልህ። እንዳትበርብህ ያዛት» ብለው ኮፈኑን ዘጉት።

ዲላን የሚያውቅ ሰው የመስከረምን ዝናብ ያውቀዋል። ልብስ ይታጠባል እንጂ አይደርቅም። እኔ ደግሞ ያለኝ የትምህርት ቤት ሹራብ አንድ ነው፤ ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ውሃ ሲነካው እንደ በግ የሚከብድ። ቅዳሜ ታጥቦ ሰኞ ከነርጥበቱ መልበስ የለመድኩት ነገር ነበር። አንድ ቅዳሜ አባዬ ከገበያ ገብቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ የተረፈውን ዕቃ ሲያወርድ፣ እማዬ በመኪናዋ ፊት ስታልፍ ሞቅ ያለ ንፋስ ቀሚሷን አርገበገበው። ቆመች፣ እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ወደ ቤት ገብታ አንድ ወንበርና ሹራቤን ይዛ ወጣች። ሹራቡን ለወንበሩ መደገፊያ አልብሳ ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። አባዬ ዕቃውን አውርዶ፣ ታጥቦ፣ ምሳውን በልቶ እስኪወጣ እጅጌዎቹ ደርቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልማድ ሆነ። «የማርታ አባት፣ ለጊዜው አታጥፋት» ትለዋለች እማዬ፣ ሁልጊዜ በእኔ ስም ነበር የምትጠራው፤ እሱም ሞተሩን እንዳለ ትቶ ወደ ቤት ይገባል። አንዲት ጎረቤታችን ሳትቀር የሕፃን ጨርቅ ይዛ መምጣት ጀምራ ነበር። ከሁላችን አንድም ሰው ይህ ንፋስ ለምን ወደ ውጭ ይወጣል ብሎ አልጠየቀም። እሳት ያለበት ነገር ሙቀት ቢተነፍስ ምን ይገርማል? ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ የሰፈራችን ደረቅ ልብስ የለበሱ ልጆች እኛ ነበርን።

ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ ቡናው ቀላ፣ አባዬም ፊቱን ከቡሌ ወደ ቆቸሬ፣ ወደ ሬኮ አካባቢ አዞረ። እዚያ አያ ጅግሶ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ፤ እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው የለቀሙትን እሸት ቡና ወቅቱን ሙሉ በአባዬ መኪና ወደ መፈልፈያው ለማድረስ ተስማምተው ነበር። እሸት ቡና ቀልድ አያውቅም። ቀይ ፍሬው በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ጆንያው ውስጥ እንዳለ ይግላል፣ ይኮመጥጣል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ንጹሕ ቡና ብሎ አይቀበለውም። ስለዚህ ጠዋት ይለቀማል፣ ከሰዓት ይጫናል፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ይደርሳል።

በመጀመሪያው ጭነት መኪናዋ ዳገቱ ግማሽ ላይ ፈላች። አባዬ እስክትበርድ ጠብቆ፣ ውሃ ጨምሮ፣ እያዘገመ ደረሰ። በሁለተኛው ሳምንትም ፈላች፤ ያን ቀን ገበሬዎቹ ጆንያውን አውርደው፣ የእንሰት ቅጠል አልብሰው ውሃ እየረጩ ቢጠብቁም፣ ሲደርሱ የመፈልፈያው ተረካቢ እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ፣ አሽትቶ፣ ግማሹን መለሰው። በሦስተኛው ጊዜ ከጭነቱ ጋር የነበሩት ለቃሚ ሴቶች መኪናዋ እስክትበርድ አልጠበቁም፤ ጆንያውን እየተከፋፈሉ በጀርባቸው አዝለው ቀሪውን ዳገት በእግራቸው ወጡት። አባዬ ያን ዕለት እራቱን አልነካም። «እነሱ አዝለው እያለፉኝ እኔ ኮፈን ከፍቼ ቆሜአለሁ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ ለግድግዳው።

እንግዲህ ፍለጋው ተጀመረ። ጋሽ ሸምሱ መጀመሪያ ራዲያተሩን ጠረጠሩ፤ ተነቀለ፣ ዝገቱ ተሟጦ እስኪወጣ ታጠበ፣ ተመለሰ። ቀጥለው ቴርሞስታት የሚባለውን፣ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ዕቃ አውጥተው ጣሉት፤ እሱ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው፣ ለእኛ ምን ያደርግልናል አሉ። የውሃ ፓምፑም ተፈታ፣ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። አባዬ ደግሞ በራሱ ብልሃት እርጥብ ጆንያ ራዲያተሩ ፊት አሰረላት፤ እሱማ ይባስ አፈላት። በመጨረሻ የሞተሩን ራስ የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ይሆናል ተባለ፤ ያ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ መከፈት ነበረበት፣ እስኪዘጋም የቡናው ወቅት ያልፋል።

ግራ የሚያጋባው፣ ጋራዥ ውስጥ ቆማ ስትሠራ አትሞቅም ነበር። ጋሽ ሸምሱ አስነስተው ግማሽ ቀን ያቆዩአታል፣ የሙቀቱ መርፌ ግን መሀል ላይ ተኝቶ ይውላል። ፋኑንም አጎንብሰው ያዩታል፤ ይዞራል። «በየነ፣ መኪናህ ደህና ናት» አሉት አንድ ቀን፤ «ዳገት ስታይ ነው የሚያማት፣ ፈተና እንደ ደረሰበት ተማሪ።» አባዬ አልሳቀም።

አንድ ዓርብ አያ ጅግሶ ራሳቸው ዲላ ድረስ መጡ። ስለ እኛ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ሳይጨረስ ስለቀረው የቤተ ክርስቲያናቸው ጣሪያ አወሩ፤ ጸልየው የቀረበላቸውን በሉ፤ እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ነው የመጡበትን ያነሱት። ጎረቤቶቻቸው ሌላ መኪና እንያዝ እያሉ እንደሚወተውቷቸው፣ እሳቸው ግን ሰኞን ብቻ፣ ለመጨረሻ ሙከራ፣ ለምነው እንዳገኙለት ነገሩት።

«ልጄ በየነ፣ እኔ ሰው አልለውጥም» አሉ። «ቡናው ግን አንተን አያውቅህም።»

አባዬ አንገቱን ደፍቶ «እውነት ነው፣ አያ» አለ። ከሸኛቸው በኋላ፣ የድሮ አሠሪው ለሞያሌ መስመር ሾፌር እየፈለገ መሆኑን መስማቱን ለእማዬ ነገራት። እሷ ሳህኖቹን ማንሳቷን ቀጠለች፤ አንዱን ሳህን ግን ሁለት ጊዜ አንስታ ሁለት ጊዜ አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ጣለ። አባዬ መኪናዋን ከጋራዥ አምጥቶ ግቢ ውስጥ አቆመና፣ መርፌው ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለማየት ሞተሩን ሳያጠፋው ወረደ። ዝናቡ ሲያባራ እማዬ እንደ ልማዷ ወንበሩን ከነሹራቤ አመጣች። አባዬ ከወንበሩ ኋላ፣ ከመኪናዋ ትይዩ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ሰው አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ እንደሚያይ ያያት ነበር። እኔ በረንዳው ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። የሹራቡ እጅጌ ተነሥቶ ወደ አባዬ ጉልበት ተዘረጋ፣ ወደቀ፣ እንደገና ተዘረጋ።

«ይሄ ንፋስ ከየት ነው የሚመጣው?» አለ አባዬ።

እማዬ የዳዊትን ካልሲ እየጨመቀች «ከመኪናህ ነዋ» አለችው። «ከመስከረም ጀምሮ ልብስ የሚያደርቅልን ማን መስሎህ ነው?»

አባዬ እጁን ወደ ንፋሱ ዘረጋ። ከዚያ ተነሥቶ ሳይጠይቀኝ ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀደደና መኪናዋ ፊት ያለው ፍርግርግ ላይ አስጠጋው፤ ወረቀቱ ተገፍቶ እግሩ ሥር ወደቀ። አንስቶ ደገመው፣ እንደገና ወደቀ። ኮፈኑን ከፍቶ በሞተሩ በኩል፣ ከፋኑ ጀርባ ሲያስጠጋው ግን ወረቀቱ ከእጁ ተመንጥቆ እዚያው ተለጠፈ። ፋኑ ይዞራል፤ የሚዞረው ግን ወደ ተቃራኒው ነው። ንፋስ ከፊት ስቦ ወደ ሞተሩ ማስገባት ሲገባው፣ ከሞተሩ በኩል እየሳበ ወደ ፊት ይተፋዋል። ቆማ ስትሠራ ይህ ብዙ ለውጥ የለውም፤ በየትኛውም በኩል ይሁን ንፋስ ራዲያተሩን ያልፋል። ስትሄድ ግን ከፊት የሚመጣው ንፋስና ከኋላ የሚገፋው ንፋስ መሀል ላይ ይገጥሙና አንዱም አያልፍም፤ በዚያ ላይ ጭነትና ዳገት ሲጨመር ትፈላለች። በቡሌ መንገድ ባዶዋን ወጥታ ጭና ትወርድ ስለነበር፣ ብርዱም ስለረዳት ነው እስከ ኅዳር ያልታወቀው። ይህ ሁሉ ያን ቀን አልገባኝም፤ ካደግኩ በኋላ አባዬ በሁለት መዳፉ እያጋጨ ሲያሳየኝ ነው የገባኝ።

ጋሽ ሸምሱ ተጠርተው መጡ። አባዬ ወደ ወንበሩ ጠቆማቸው። እጅጌው ሲዘረጋና ሲወድቅ ቆመው አዩ፣ ቀጥለው እማዬን አዩ።

«እትዬ አበበች፣ በዚህ ማድረቅ ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ሦስተኛ ወራችን ነው።»

«ታዲያ ለእኔ አንድ ቀን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«እርስዎ ስለ ሞተር እንጂ» አለች እማዬ፣ «ስለ ሹራብ መቼ ጠየቁን?»

ጋሽ ሸምሱ ኮፈኑ ሥር አጎነበሱ። ሁለቱን ሽቦዎች ፈትተው፣ የቀኙን በግራ የግራውን በቀኝ አድርገው አሰሩ። ጥፋቱ ነሐሴ ላይ በዝናብ ውስጥ አቀያይረው ያሰሯቸው እነዚያ ሁለት ሽቦዎች ብቻ ነበሩ። ቁልፉ ሲዞር የሹራቡ እጅጌ ወርዶ ቀረ፣ የደብተሬ ወረቀትም ፍርግርጉ ላይ ተለጠፈ። ሁለቱ ሰዎች ተያይዘው ሲስቁ እማዬ ሹራቡን ዳሰስ አድርጋ «ይሄ ገና ውሃ ነው» አለች።

ሰኞ እርጥብ ሹራብ ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ሲያቀዘቅዘኝ ዋለ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፉትን አንድም አላስታውስም፤ አሁን እየጫኑ ነው፣ አሁን ዳገቱን ጀመረ፣ አሁን ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው እያልኩ ነበር። ከትምህርት ቤት ተመልሼ በር ላይ ተቀመጥኩ። አባዬ ገና ፀሐይ ሳለች ገባ።

አያ ጅግሶ ሁለት ጀሪካን ውሃ ታቅፈው ጋቢና ውስጥ አብረውት ወጥተው ነበር። ዳገቱን ሙሉ ዓይናቸውን ከመርፌው አልነቀሉም። መፈልፈያው በር ላይ ሲደርሱ ወረዱ፣ አንዱን ጀሪካን ከፍተው እግራቸውን ታጠቡበት፣ ሁለተኛውን ለአባዬ አቀበሉት። «እጅህን ታጠብ» አሉት፤ «ነገም እንለቅማለን።»

ታኅሣሥ እንዲህ አለፈ፣ ጥርም ተከተለው። በጋው አቧራውን ይዞ መጣ፣ በልግ አጠበው፣ አባዬ እንደገና ወደ ቡሌ ፊቱን አዞረ። መኪናዋ አሥረኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ አብራን ነበረች፤ ከዚያ አርጅታ በየዕቃው ተሸጠች። የሞያሌ መስመር ሥራ በቤታችን ዳግም አልተነሣም።

ዛሬ በሞያሌ መስመር የሚሠራው ዳዊት ነው። የሚነዳው መኪና ሞተሩ ገና ሊሞቅ ሲል በመብራትና በድምፅ ይነግረዋል። ልጆቹ ማታ ማታ በስልክ ፊቱን እያዩ ያወሩታል፤ ያቤሎ ይደር ወይም ሞያሌ፣ ምን እንደበላ፣ ምን ዓይነት አልጋ ላይ እንደሚተኛ ሁሉን ያውቃሉ፣ ትንሿ ልጁም ስልኩን ስማ ትተኛለች። እኛ ስለ አባዬ ቀን ይህን ያህል አናውቅም ነበር። የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር ምን እንደተነጋገረ አንጠይቀውም፣ እሱም ብዙ አይናገርም፤ አመሻሹ ላይ በር ላይ ጫማውን ሲያራግፍ እንሰማዋለን፣ ያ ይበቃን ነበር። የዳዊት ልጆች ከእኛ ያነሰ ይወደዳሉ ብዬ አልልም፤ ዘመኑም ሥራውም የየራሱ ነው። እኔ ግን ከዚያ ሰኞ በኋላ፣ አንድም ማታ ልተኛ ስል አባዬ የት ነው ብዬ ሰው ጠይቄ አላውቅም።