ሳቢሳ ላነሳ ወጥቼ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ዳዊት ይደግማል፤ አለዚያም ንብ ያረባል። እኔ ወፍ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ጠመኔ ስፈጭ ኖሬ፣ በስተርጅና ደግሞ ጨፌ ላይ ነጭ ሳቢሳ አማረኝ። ካሜራውን የሰጠኝ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ሠርግ ሲያነሳ የኖረ ጎረቤቴ ነው። እሱ አሁን ሁሉን በስልኩ ይሠራል። ብልህ ነው፤ ከባዱን ዕቃ ከራሱ አውርዶ ሽማግሌ ላይ ጫነው፤ መቆሚያውን ባለ ሦስት እግር ብረትም መርቆ ጨመረልኝ። ባለቤቴ በበኩሏ፣ ለቅዳሴ ስትቀሰቅሰኝ ወገቤን ይዤ የኖርኩ ሰውዬ ለወፍ ጎህ ሳይቀድ መነሳቴ ለንስሐ አባቴ መነገር አለበት ባይ ናት።

ሳቢሳ ቀጭን እግሯን ውሃው ውስጥ ተክላ ትቆማለች፤ ማኅሌት አጋምሶ መቋሚያውን የተደገፈ ደብተራ ናት። ንቅንቅ አትልም። የምትነቃነቀው እኔ ካሜራውን አስተካክዬ ስጨርስ ብቻ ነው። ጉልበቴ ሲንቋቋ ከማዶ ትሰማለች መሰለኝ። በዚህ ላይ የነጭ ወፍ ክፋቱ ነጭነቱ፤ ፀሐይ ካረፈባት ፎቶው ላይ ወፍ መሆኗ ቀርቶ የፈሰሰ ወተት ትሆናለች። ከመስከረም ጀምሮ ተመላልሼ ያገኘሁት ሀብት ይኸው ነበር፦ ባዶ ውሃ፣ የክንፍ ጫፍ፣ ደንገል፣ የፈሰሰ ወተት፣ የገዛ ጣቴ።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ማለዳ ግን ቀናኝ። ሳቢሳዋ አንድ እግሯን አንስታ፣ እንቁራሪት በአፏ ይዛ፣ ዞር ብላ አየችኝ። ቁልፉን ተጫንኩት። ስመለከተው ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከኋላዋ ጨፌው፣ ከዚያ በላይ የገብሱ ማሳ፣ መካከሉ ላይ የድንበሩ ድንጋይ ሳይቀር ጥርት ብሏል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«ምን እየሠሩ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ዞር ስል የጨፌው ባለቤት ናት፤ እድሜዋ አምሳ የሚሆን፣ ዱላ የያዘች፣ ዱላው ባይበቃ ብላ ውሻ ያስከተለች ገበሬ።

«ምንም አልሠራ፣ እታለም። ላነሳ ነው የመጣሁት» አልኳት።

አፌን በቆረጠው። ስንት ዓመት ሰዋስው ያስተማርኩ ሰው፣ ማንሳት የሚባለው ግስ ስንት ፊት እንዳለው ጠፋኝ። ሰው ከእንቅልፉ ይነሳል፤ እህል ከአውድማ ይነሳል፤ መሬቱ ለመንገድ የተፈለገበት ገበሬም «ተነሺ» ይባላል። ፎቶም ይነሳል፤ ግን እሱ የሚታሰበው ከሁሉ በኋላ ነው።

«ማንን ነው የሚያነሱት? እኔን?»

ወፎቹን፣ አልኳት። ጢሜን አየችው። በዚያ ጢም ወፍ ማለቴ የባሰ ውሸት መሰላት። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከታች ያለው ጎረቤቷ ዘንድም እንዲሁ ባለ ሦስት እግር የያዙ ሰዎች መጥተው ነበር። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ፤ አመስግነው ሄዱ፤ ከዚያ መንገዱ በጓሮው መጣ። እሷ ደግሞ ያላት ይኸው ጨፌ ነው። እሱ ከሄደ ጥማድ በሬዎቿ በጋውን አይዘልቁም፤ እነሱ ካልዘለቁ ማን ያርሳል?

ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል ብዬ ካሜራውን ከብረቱ ፈታሁና የቀድሞዎቹን ፎቶዎች ከፈትኩላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጠጋ አለች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጣቴ ነው።»

«ይኼስ?»

«እሱም ጣቴ ነው።»

ፊቷ እየተፈታ መጣ፤ ሳቅ ጀመራት። ክንፉን አየች፣ ወተቱን አየች። በመጨረሻ ዱላዋን ተደግፋ «የለም፣ መንግሥት እርስዎን አይልክም» አለች። በአገልግሎት ዘመኔ ብዙ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፤ እንዲህ ከልብ የወጣ ግን አላገኘሁም። ደስ ብሎኝ አንዱን ልጨምርላት ስጫን የዚያው ማለዳ ፎቶ ወጣ።

ሳቋ ቆመ። ወፏን አላየቻትም፤ ጣቷን የሰደደችው ወደ ድንበሩ ነው።

«ይኼ የእኔ ጨፌ ነው።»

«ወፏን ብዬ እኮ ነው።»

«ወፏማ በራ ትሄዳለች። የሚቀረው ድንጋዩ ነው። ያጥፉልኝ።»

ተከራከርኩ። ከባለቤቴና ከዝንብ በቀር የሚያየው እንደሌለ ነገርኳት። ከመስከረም ጀምሮ ስንት ጠል እንደበላኝ፣ ወገቤ ምን እንደሚል ሁሉ ዘረዘርኩ። እያዘነች ሰማችኝ፤ እውነት አዘነች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ እንዲህ አለች፦

«አንቱ ተኝተው ያድራሉ። እኔ ግን ያ ፎቶ ማን እጅ ገብቶ ይሆን ስል ነው የማድረው።»

ማጥፊያውን ስጫን ካሜራው ራሱ፣ እውነት ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ልብ ነበረው። ይጥፋ፣ አልኩት። እሷ ግን በቃል አታምንም፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አስመላልሳ ጣቶቼ ብቻ መቅረታቸውን አረጋገጠች።

«ነገም ይምጡ» አለችኝ ስትሄድ፤ «ያንን ሦስት እግሩን ግን ቤት ይተዉት።»

እነሆ ያለ ብረቱ እመላለሳለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የማነሳው ሁሉ ጉም ነው። ሳበቃ መጥታ፣ ፈተና እንደሚያርም መምህር አንድ በአንድ ታያለች። ወፉ ከውሃው፣ ውሃው ከድንጋዩ የማይለይበት ላይ ስትደርስ «ይኼ ሸጋ ነው» ትላለች። ባለፈው ሳምንት አንዱን እጅግ ወዳው አሳጥቤ እንዳመጣላት አዘዘችኝ። አመጣሁላት። ምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም፤ እሷ ግን ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የእኔ ጨፌ ነው እያለች ታሳያለች።