የመጀመሪያው «ይቅር»

በስደት አገር፣ ዐማራት በሚባል ሰፈር ባለ የጠበቆች ቢሮ ሻይ አፍይ ነበርኩ። አል-ጣኢፍ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ዓረብኛ ስለለመድኩ፣ የአገሬ ሰው ለጉዳይ ሲመጣ ትሪዬን አስቀምጬ አስተረጉማለሁ። «ኡስታዝ» የምንለው ጠበቃው አንድ ቀን «ከራስሽ አትጨምሪ» ብሎ ከተቆጣኝ ወዲህ፣ የተባለውን ብቻ መናገሬ ያኮራኝ ጀምሮ ነበር።

አንድ ጊዜ ለፍቺ ጉዳይ የመጣችው ሴት እንደኔው የወሎ ልጅ ናት። ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ልብስ እየሰፋች ነው የምትኖረው። ባሏ ሊፈታት ተስማምቷል፤ ያልተስማሙት በስፌት መኪናዋ ነው። ሰው ቤት ሠርታ የገዛችው እሷ ናት፣ ደረሰኙ ግን በእሱ ስም ነው። ጠበቃው ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ እንዲያልቅ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው።

እያለቀሰች በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ስትጠርግ አፈርኩባት። ትናንት እኔም እንደሷ ነበርኩ። ጠበቃው ግን ከእሷ ጋር እንዳይቆጥረኝ ፈለግሁ፤ ቶሎ ጨርሳ በወጣችልኝ አልኩ።

«መኪናውን ትፈልጊዋለሽ ወይስ ለእሱ ይሁን?» አልኳት፣ ጠበቃው እንዳለው።

«ይቅር፣ እሱ ይውሰደው» አለች አንገቷን ደፍታ።

እኛ አገር ንብረት ሲካፈል፣ ሴት በመጀመሪያው ጥያቄ «እፈልጋለሁ» አትልም። ይሉኝታ ይይዛታል። ሽማግሌዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ደግመው ይጠይቋታል፤ በሦስተኛው የልቧን ትናገራለች። ከጠበቃው በቀር እዚያ ክፍል ውስጥ ይህ የጠፋው ሰው አልነበረም። ባልየው እንኳ ምን እንደምል ለመስማት ቀና ብሎ አየኝ።

«አትፈልገውም» አልኩ በዓረብኛ። አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«ኸላስ» አለ ጠበቃው፣ ጻፈና ወረቀቱን ገፋላት። በጣቷ ፈረመች። ምን እንደተጻፈ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ዛሬም ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ደረጃው ድረስ ሸኘኋት። «አላህ ይስጥሽ እህቴ፣ አንቺ ባትኖሪ በማን አፍ እናገር ነበር?» አለችኝ እጄን ይዛ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ኡስታዙ ስለ መኪናው መቼ ነው ደግሞ የሚጠይቀኝ?»

ጠበቃው ገና ወንበሩ ላይ ነበር። ተመልሼ መናገር እችል ነበር፤ «አጥፍቻለሁ» ማለቱ ሞት ሆነብኝ።

«ኢንሻአላህ፣ ይደውልልሻል» አልኳት።

እንዳይጠፋበት ብላ ስልክ ቁጥሯን በቃሌ እስክይዘው አስደገመችኝ። እስካሁን አልረሳሁትም።